«ኔትወርክ የለም» አትበሉን፤ የሌለን ተራ ነው

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በየስብሰባው፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ ሳይቀር አንድ አባባል እሰማለሁ። «ኔትወርኩን የገደለው ወጣቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ ተጥዶ እየዋለ ገበሬው ብር መላክ አቃተው» ይባላል። የሚሉት የምናከብራቸው ሰዎች ናቸው። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩ ግን ልክ አይደለም። ልክ አለመሆኑ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ጥፋቱን ያለ ቦታው ስለሚለጥፍ፣ መጠየቅ ያለበት ሳይጠየቅ ያልፋል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

በገበያ ቀን ሀደሮ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ዝንጅብሉ ተራግፏል፣ ተመዝኗል፣ በዋጋም ተስማምተዋል። ክፍያው በስልክ ነው። የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ አንድም የጎደለ የለም። «ላክ» የሚለውን ሲነኩት ግን ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ በመጨረሻ «እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ»። እዚያው አጠገባቸው አንድ ልጅ ቪዲዮ እያየ ይስቃል። ሽማግሌው ይህን አይተው «ይኸው! የበላው ይሄ ነው» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ሌላም አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ልጅ ደቡብ አፍሪካ እንዳለ ለእናንተ አልነግርም። እናት በቪዲዮ ስትደውል ልጇን ጥርት አድርጋ ታየዋለች፤ ሱቁን፣ ከኋላው ያለውን መደርደሪያ ሳይቀር። እሱ ግን «እማዬ አትታዪኝም፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል፣ እስቲ ወደ ውጭ ውጪ» ይላል። እሷ አይታው ትጠግባለች፤ እሱ እናቱን ሳያይ ስልኩ ይዘጋል።

እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ወደኛ የሚመጣው ይመጣል። ከኛ የሚሄደው ነው የማይሄደው። መስማት አልቸገረንም፤ የቸገረን መሰማት ነው።

መንገዱ ሁለት ነው

በሰፊው በሚሠራበት የ4ጂ አሠራር ከታወር ወደ ስልክ የሚወርደውና ከስልክ ወደ ታወር የሚወጣው በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሄዱት። ለምሳሌ 1800 በሚባለው ባንድ ስልኩ የሚናገረው ከ1710 እስከ 1785 ሜጋኸርዝ ባለው ክፍል ሲሆን፣ ታወሩ የሚናገረው ከ1805 እስከ 1880 ባለው ነው። መሄጃና መመለሻው የተለያየ መንገድ ማለት ነው። ቪዲዮ የሚያየው ልጅ በዋናነት የሚያጨናንቀው የሚወርደውን ነው። ከሱ ስልክ ወደ ላይ የሚወጣው «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የምትል ጥቃቅን መልስ ናት። የገበሬው ብር የሚሄደው ደግሞ በሚወጣው ነው።

ቪዲዮው ምንም አያደርግም አልልም። ቪዲዮ የሚጭን፣ ላይቭ የሚገባ ሰው የሚወጣውን መንገድ ይይዛል። ደግሞም ስልኩ «አሁን ተናገር» የሚባለው በሚወርደው መንገድ በመጣ ትእዛዝ ስለሆነ፣ የሚወርደው ከልክ በላይ ሲሞላ የሚወጣውም ይጎዳል። ግን «ቲክቶክ ቢዘጋ ክፍያው ይሄዳል» የሚለው መደምደሚያ አያስኬድም። የሚወጣው መንገድ የራሱ በሽታ አለው፤ እሱን ነው ዛሬ የማሳያችሁ።

ክፍል ውስጥ እንግባ

የድሮ ተማሪዎቼ 70 ሆናችሁ የተቀመጣችሁበትን ክፍል አስታውሱ። አስተማሪው ሲናገር ተራ አያስፈልግም፤ ተናጋሪው አንድ ነው፣ ሰባውም ይሰማል። መከራው የሚጀምረው ጥያቄ ሲጠየቅ ነው። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» ሰባ አፍ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ መልሱን የሚያውቀውም የማይሰማበት ጫጫታ ነው የሚሆነው። ታወር አስተማሪው ነው፣ ስልኮቻችን ተማሪዎቹ ናቸው። የሚወርደው ቀላል የሆነው አንድ ተናጋሪ ስላለው ነው። የሚወጣው ከባድ የሆነው ተናጋሪው ብዙ ስለሆነ ነው።

ይሄ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የሀዋይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ በኖርማን አብራምሰን መሪነት፣ በደሴቶቹ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎችን በሬዲዮ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አገናኙ። ሥርዓቱን አሎሃ አሉት። ለሚወርደው አንድ ቻናል፣ ለሚወጣው ሌላ ቻናል ሰጡ። በሚወጣው ላይ ሕጉ ቀላል ነበር፤ የምትናገረው ሲኖርህ ተናገር፣ ከሌላው ጋር ከተጋጨህ ትንሽ ቆይተህ ድገም። ሂሳቡ ሲሠራ የወጣው ውጤት ያስደነግጣል። ሁሉም በፈለገው ሰዓት ከተናገረ፣ ከቻናሉ አቅም ጥቅም ላይ የሚውለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ ነው። ጊዜውን በእኩል ቁራጭ ከፍለው «መጀመር የሚቻለው በቁራጩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው» ሲሉ ጣሪያው ወደ 37 በመቶ ከፍ አለ። ቴክኖሎጂው ሳይለወጥ፣ ሥርዓት ስለተጨመረ ብቻ እጥፍ ሆነ። የቀረው በግጭትና በባዶ ጊዜ ይባክናል።

ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች የምናውቀውን ነገር አመጡ፤ ተራ አስከባሪ። መናኸሪያ ላይ የምናውቀው ዓይነት፣ ልዩነቱ ይሄኛው ታወሩ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር መሆኑ ነው። 4ጂ ላይ በየ1 ሚሊሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ጊዜ፣ ማን እንደሚናገርና ምን ያህል እንደሚናገር ይወስናል። ስልክህ እንዳሻው አይናገርም። መጀመሪያ «የምለው አለኝ» ብሎ እጁን ያወጣል። ታወሩ ትንሽ ፈቃድ ይሰጠዋል። ስልኩ በዚያች ፈቃድ «ይሄን ያህል ጭነት አለኝ» ይላል። ከዚያ ዋናው ፈቃድ ይመጣል። ከዚያ ነው ብሩ የሚሄደው።

እጅ ማውጣቱም ራሱ ወረፋ አለው። ስልኩ ዝም ብሎ ቆይቶ ከነቃ ከታወሩ ጋር እንደ አዲስ መተዋወቅ አለበት። ለዚህ 64 ምልክቶች አሉ፤ ስልኩ አንዱን በዕጣ ያነሳና ይልካል። ሁለት ስልክ አንድ ምልክት ካነሱ ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ቆይተው ይደግማሉ። አሎሃ አልሞተም፣ በር ላይ ቆሞ አለ ማለት ነው። 10 ስልክ በአንድ ቅጽበት ከ64ቱ ቢያነሱ፣ ቢያንስ ሁለቱ የመጋጨታቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። (የሒሳብ ልጆች ኮሜንት ላይ ሥሩልኝ። የልደት ቀን ጥያቄ ነው፣ ታውቁታላችሁ።) አሁን ገበያው መሀል ያለውን ስልክ ሁሉ አስቡት። ሰው ሲከለከል ደግሞ ምን ያደርጋል? አፑን ዘግቶ እንደገና ይከፍታል፣ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። እያንዳንዱ ሙከራ በሩ ላይ አዲስ ግፊያ ነው።

ተራ አስከባሪው ለማን ያደላል?

ዋናው ጉዳዬ እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ያልኩት ቴክኒክ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ፍትሕ ነው።

መናኸሪያ ላይ ተራ አስከባሪ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በመጡበት ቅደም ተከተል ያሰልፋል። ሌላው ቶሎ የሚሞላለትን አስቀድሞ ያስወጣል። የታወሩም እንደዚያ ነው፤ የሚሠራበትን ሕግ የመረጠለት ሰው አለ።

በቁጥር እንየው። ሁለት ሰው አለ እንበል። አንዱ ታወሩ ሥር ሱቅ ያለው ነው፤ ጊዜው ሁሉ ለሱ ቢሰጥ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ይልካል። ሌላዋ ከተራራው ጀርባ ቀበሌ ያለች ገበሬ ናት፤ ጊዜው ሁሉ ለሷ ቢሰጥ 0.5 ሜጋቢት ትልካለች። አንደኛው ሕግ «ብዙ ለሚያስተላልፈው ስጥ» ይላል። ሙሉው ለባለ ሱቁ ይሄዳል፣ የታወሩ ጠቅላላ ሥራ 10 ሜጋቢት ይሆናል፣ ገበሬዋ ዜሮ። ሁለተኛው ሕግ «ጊዜውን እኩል አካፍል» ይላል። ባለ ሱቁ 5፣ ገበሬዋ 0.25 ያገኛሉ፣ ጠቅላላው 5.25።

ሪፖርት ላይ ሲታይ የመጀመሪያው «ድንቅ አፈጻጸም» ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ በግማሽ የወረደ ይመስላል። መሬት ላይ ግን ምን ሆነ? አንድ የክፍያ መልእክት 4 ኪሎባይት ነው ብንል፣ በ0.25 ሜጋቢት ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ይሄዳል። ባለ ሱቁ ከ10 ወደ 5 ሲወርድ ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል። ገበሬዋ ከዜሮ ወደ 0.25 ስትወጣ ዝንጅብሏ ተሸጠ ማለት ነው። እንግዲህ የትኛው ነው ድንቅ አፈጻጸም?

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ከ3ጂ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። እያንዳንዱን ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ያወዳድራል። «ይህች ሴት ከወትሮዋ አሁን ሁኔታዋ ጥሩ ነው፣ አሁን ትናገር» ይላል። ጠቅላላውንም ብዙ ሳይጎዳ፣ ጠርዝ ላይ ያለውንም ሳይረሳ። ግን እሱም ቢሆን መሐንዲሱ ወደ መሀል ወይም ወደ ጠርዝ ሊያዘነብለው የሚችል ነገር ነው። ያንን ማዘንበል የሚወስን ሰው አለ። እኔ የምጠይቀው ሲወስን የማንን ቁጥር እያየ ነው? ነው። አማካይ ብቻ ካየ፣ አማካይ የከተማ መሀል ወዳጅ ነው። አንዱ ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጾሙን ቢያድር፣ በአማካይ አንድ አንድ በልተዋል አይደል?

«ፉል ነው» የምትሉት ምልክት

ሌላ ሰው ደግሞ «ኔትወርክማ አለ፣ ይኸው ሙሉ ነው፤ ችግሩ ስልክህ ነው፣ ቀይረው» ይላል። ያ ምልክት የሚነግርህ አንተ ታወሩን ምን ያህል እንደምትሰማው ነው። ታወሩ አንተን መስማቱን አይነግርህም። የ4ጂ ስልክ ቢበዛ የሚያወጣው ኃይል 0.2 ዋት ያህል ነው። ታወር ላይ ያለው ማሠራጫ ግን 20፣ 40 ዋትና ከዚያም በላይ ያወጣል። መቶ እጥፍ፣ ሁለት መቶ እጥፍ። አንዱ በማይክራፎን፣ ሌላው በሹክሹክታ እያወሩ ነው። ታወሩ የተሻለ ጆሮ ስላለው ልዩነቱን በከፊል ያካክሳል፤ ኮረብታና ሸለቆ ሲገባበት ግን መጀመሪያ የሚጠፋው ሹክሹክታው ነው። የኛ አገር ደግሞ ኮረብታና ሸለቆ ነው። የ30 ሺህ ብር ስልክ ብትገዛም ጣሪያው ያው 0.2 ዋት ገደማ ነው። ድሃውን ስልክ ቀይር ማለት መፍትሔ አይሆነውም፤ ተጨማሪ ወጪ ነው።

«ታወር ይጨመር እንጂ ተራ ምን ያደርጋል?»

ይሄኛው ጠንካራ ክርክር ነው፣ በአክብሮት ልመልሰው። አዎ፣ ታወር ይጨመር። ታወር ሲቀርብ ሹክሹክታውም ይሰማል፣ አንዱ ታወር የሚሸከመውም ሰው ይቀንሳል። በዚህ የሚከራከር የለም። ግን ታወር ብር ነው፣ መሬት ነው፣ መብራት ነው፣ ዓመታት ነው። የተራው ሕግ ደግሞ ባለው ታወር ላይ የሚስተካከል ነገር ነው። ቦኖ ላይ ውሃ ሲያንስ «ሁለተኛ ቦኖ እስኪሠራ ጉልበተኛው ይቅዳ» አንልም። ጀሪካን እናሰልፋለን። ሁለተኛው ቦኖም ቢሠራ፣ ጀሪካኑ ካልተሰለፈ ጉልበተኛው ሁለቱንም ይይዛቸዋል።

ለምን ዛሬ? ካላችሁ፣ ድሮ ኔትወርክ ቅንጦት ነበር። 4ጂ አዲስ አበባ ሲገባ በ2007 ዓ.ም. ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ማየትና ስለ ማውረድ ነበር። በግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፣ ስልክ ኪስ ሆነ። በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ውድድርም መጣ፤ ማስታወቂያው ግን ዛሬም በፍጥነት ነው የሚፎክረው፣ ያ ፍጥነት ደግሞ ባብዛኛው የማውረድ ፍጥነት ነው። በዚህ መሀል መንግሥት የጤና መረጃውን፣ የመታወቂያ ምዝገባውን፣ ፈተናውን፣ ክፍያውን ወደ ዲጂታል እያስገባ ነው። እነዚህ ሁሉ ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ ናቸው። ዜጋው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ላኪ ሆኗል።

ዝንጅብሉን ራሱ ውሰዱ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባው የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ በአካባቢያችን ዝንጅብል ላይ ያደረሰውን ለሀደሮ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ ገበሬው ቢጫ የሆነ ቅጠል ሲያይ ፎቶ አንስቶ ለባለሙያ መላክ ይችላል። 3 ሜጋባይት ፎቶ በዚያች በ0.25 ሜጋቢት አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ይታገሣል፣ ችግር የለም። ተራ ካልደረሰው ግን ፎቶው እስከ ማታ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፣ በሽታው ደግሞ ተራ አይጠብቅም።

እንግዲህ የምጠይቀው

አንደኛ፣ ለኦፕሬተሮች። የመላክ ፍጥነትን ከማውረዱ ጎን በእኩል ፊደል ንገሩን። በየወረዳው፣ በገበያ ሰዓት የተለካውን እንጂ በሌሊት የተለካውን አይደለም። አማካዩንም ብቻ አትስጡን። መሐንዲሶቻችሁ ራሳቸው የሚያውቁት መለኪያ አለ፤ ከተጠቃሚው መሀል ዝቅተኛው 5 በመቶ የሚያገኘው ፍጥነት። የ4ጂ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሲወጣ የጠርዝ ተጠቃሚ የተመዘነው በዚህ ነው። እሱን ቁጥር አምጡልን፣ ከተራራው ጀርባ ያለችው ሴት እዚያ ውስጥ አለች።

ሁለተኛ፣ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋማችሁት ገበያውን ልትቆጣጠሩ፣ ተጠቃሚውን ልትጠብቁ ነው። የመሰማት መብት ከመስማት እኩል ይለካ። የሚለካ ነገር ይስተካከላል፤ ያልተለካው «ወጣቱ ነው» እየተባለ ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ አፕ ለምትሠሩ ልጆች፣ ከናንተ መሀል የኔ ተማሪዎችም አላችሁ። አንድ ክፍያ ለመላክ አምስት ገጽ፣ ሦስት ሥዕልና አንድ ማስታወቂያ አታስጭኑን። መልእክቷን ትንሽ አድርጓት። ሲቋረጥም ሰውየው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል አድርጋችሁ ሥሩት። እንደ *127# ያለው የአጭር ቁጥር መንገድ «ያረጀ» ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በጭንቅ ቀን ብዙ ጊዜ ደርሶልናል።

አራተኛ፣ ለቢሮዎቻችን። ሁሉም ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ጤና ጣቢያ፣ ሁሉም ቀበሌ ሪፖርቱን በወሩ መጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሰዓት እንዲልክ የምታዙት ለምንድን ነው? ይህ ሰባ ተማሪ በአንዴ «ቲቸር!» እንዲል ማዘዝ ነው። ቀኑን በየወረዳው፣ በየዘርፉ ከፋፍሉት። ይሄ ታወር አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም። አንድ ደብዳቤ ነው የሚፈልገው።

አምስተኛ፣ ለኛ። አልሄድ ሲል አሥር ጊዜ አትነካኩት። ሁለት ደቂቃ ታገሡ። ትልልቅ ቪዲዮ የምትጭኑ ልጆች በገበያው ሰዓት ተዉትና ማታ ጫኑት። ቲክቶክ እያያችሁ የምትስቁትን ግን ማንም አይስደባችሁ፤ ሳቁ።

ሽማግሌዎቻችን ለክርክር ሲቀመጡ ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚከተል ሥርዓት አለ። ድምፁ የደከመ አዛውንት ሲናገር ሌላው ጸጥ ይላል፤ ጸጥ የሚለው አዛውንቱ ስለሚጮህ አይደለም፣ ተራው ስለሆነ ነው። ይህንን ሥርዓት ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም። ከታወሩም የምንጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባልም አለ። በዚህ ጉዳይ እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። እናንተ ባላችሁበት፣ ሆሳዕናም ሁን ዱራሜ፣ ሺንሺቾም ሁን አንጋጫ፣ የስልካችሁን የመላክ ፍጥነት በገበያ ቀን ለክታችሁ ቦታውንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። የማውረዱን አልፈልግም። አንድ መቶ ሰው ከጻፈልኝ በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ አስገባለሁ፣ ቅጂውንም እዚሁ እለጥፋለሁ።

ኮሜንቱ አልሄድ ካላችሁ ደግሞ ማታ ሞክሩ። ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ።